ቬል፦ ስህተት ይለቅማል፣ አያርምም፣ ግን አልተውኩትም

ቬል ነፃ ነው። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ስትጭኑት ደግሞ ባዶውን ነው የሚመጣው። የመጨረሻዋን ያዙልኝ፤ ሰው ቬልን ጭኖ በሳምንቱ የሚያነሳው አብዛኛውን ጊዜ በእሷ ምክንያት ነው።

ለማታውቁት፣ ቬል የቴክኒክ ሰነድ የሚፈትሽ ፕሮግራም ነው። የተጠቃሚ መመሪያ፣ የኤፒአይ ማብራሪያ፣ የመጫኛ ገጽ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚፈትሽላቸው ሊንተር አላቸው አይደል? ቬል የጽሑፍ ሊንተር ነው። ጆሴፍ ካቶ ጎ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሠራው፣ ኮዱ ክፍት የሆነ፣ በኤምአይቲ ፈቃድ የሚለቀቅ ነገር ነው። ማክ ላይ በሆምብሩ፣ ዊንዶውስ ላይ በቾኮሌቲ አንድ መስመር ጽፋችሁ ትጭኑታላችሁ። ቁልፍና ሜኑ ግን አትጠብቁ፤ ሥራው ተርሚናል ላይ ነው። ተርሚናል አይመቸኝም ለሚል ሰው ቪኤስ ኮድ ውስጥ የሚገባ ኤክስቴንሽን አለው፣ ፋይሉ ላይ ጥፋቱን ከሥሩ ያሰምርበታል።

ሰዋስው አራሚ አይደለም። ይህን ቀድሜ ልበል፣ ምክንያቱም ያሳየሁት ሰው ሁሉ "እንደ ግራመርሊ ነው?" ይለኛል። አይደለም። ግራመርሊ የራሱ አስተያየት አለው። ቬል የለውም። እናንተ "ይህን ቃል አትጠቀሙ፣ ርዕስ እንዲህ ይጻፍ፣ ዓረፍተ ነገር ከዚህ አይርዘም" ብላችሁ ደንብ ትጽፋላችሁ፣ እሱ ደንባችሁን ይዞ ገጹን ሁሉ ያስሳል። ደንብ ካልሰጣችሁት የእንግሊዝኛ ፊደል ግድፈትና ሁለቴ የተጻፈ ቃል ከመልቀም አያልፍም። በቃ።

ታዲያ ምኑን ወደድክለት ትሉኝ ይሆናል። ሰነዱን ያውቀዋል። ማርክዳውን (ርዕስና ዝርዝር በተራ ምልክት የሚጻፍበት ቅርጸት) ሲያነብ የቱ ርዕስ እንደሆነ፣ የቱ ዝርዝር እንደሆነ፣ የቱ ኮድ እንደሆነ ለይቶ ነው። የኮድ ሳጥን ውስጥ ያለውን አይነካም። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ተራ ፊደል አራሚ ይዞ የቴክኒክ ሰነድ የፈተሸ ሰው ያውቀዋል፤ የተለዋዋጭ ስም፣ የትእዛዝ አማራጭ፣ የፋይል አድራሻ፣ ሁሉም ቀይ በቀይ ይሆንና እውነተኛው ስህተት እዚያ ውስጥ ይቀበራል። ቬል ላይ ደግሞ "ይህ ደንብ ርዕስ ላይ ብቻ ይሥራ" ወይም "ሠንጠረዥ ውስጥ ብቻ" ማለት ትችላላችሁ። ከማርክዳውን ሌላ ኤችቲኤምኤል፣ አስኪዶክ፣ ሪስትራክቸርድ ቴክስትና ዲታም ያነባል። ለእነዚህ ለሦስቱ መጨረሻዎች ግን ሌላ ፕሮግራም አብሮ መጫን ያስፈልጋል፣ ለአስኪዶክ አስኪዶክተር፣ ለሪስትራክቸርድ ቴክስት ዶክዩቲልስ፣ ለዲታ የዲታ ኦፕን ቱልኪት። ዲታ ላይ የምትሠሩ ትዕግሥት ይስጣችሁ፣ እሱ ቀርፋፋ ነው።

ውጤቱ ንጹሕ ነው። በግራ የመስመሩ ቁጥርና ጥፋቱ ከስንተኛው ፊደል እንደሚጀምር፣ 42፡17 ብሎ፣ ቀጥሎ የክብደቱ ደረጃ፣ ቀጥሎ መልእክቱ፣ መጨረሻ ላይ የደንቡ ስም። ደረጃው ሦስት ነው፦ ጥቆማ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ስህተት። የደንቡ ስም መጻፉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ማን ምን ብሎ እንደከሰሳችሁ ታውቃላችሁ። ካልተስማማችሁ ሄዳችሁ ያንን አንድ ደንብ ታጠፋላችሁ፣ ክርክር የለም።

አሁን ወደ ባዶነቱ ልመለስ።

ቬል ባዶ ስለሆነ ሰዎች የተዘጋጀ ፓኬጅ ያወርዳሉ። ጉግል የሚባል አለ፣ ማይክሮሶፍት የሚባል አለ፣ ራይት ጉድ፣ ፕሮዝሊንት፣ አሌክስ፣ ሬድ ሃት። ኮንፊግ ፋይሉ (የቬል ቅንብር የሚጻፍበት) ላይ ስማቸውን ጽፋችሁ ተርሚናሉ ላይ ቬል ሲንክ ስትሉት ራሱ ያመጣቸዋል። ስማቸው እንዳያታልላችሁ ደግሞ፦ ጉግልና ማይክሮሶፍት የሚሉት ፓኬጆች ድርጅቶቹ ለሕዝብ ካወጧቸው የአጻጻፍ መመሪያዎች ላይ ተወስደው በቬል ሰዎች የተሠሩ ናቸው፣ ድርጅቶቹ ራሳቸው የሠሯቸው አይደሉም። መጥፎ አይደሉም። ግን አንድ ቦታ ስሠራ፣ ስሙን አልጠራውም፣ አለቃችን ሦስቱን ባንድ ቀን አስገባቸው፣ ለዓመታት ሲከማች በኖረ የእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ። ተርሚናሉ ቁልቁል መውረድ ጀመረና አላቆም አለ። አንድ ፓሲቭ ዓረፍተ ነገር (አድራጊውን ሳይሆን ተደራጊውን የሚያስቀድም) ብትጽፉ ጉግል ይከሳችኋል፣ ማይክሮሶፍት ይከሳችኋል፣ ራይት ጉድም ይከሳችኋል፣ ለአንድ ጥፋት ሦስት ክስ ማለት ነው። "እኛ" ማለት ክልክል፣ ቃለ አጋኖ ክልክል፣ "ዊል" ማለት ክልክል። በሁለተኛው ሳምንት ማንም የሚያየው አልነበረም። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ፣ ከዚያም አንዱ ልጅ ቼኩን ከፓይፕላይኑ፣ ለውጥ በገባ ቁጥር በራሱ ከሚሮጠው የፍተሻ ሰንሰለት፣ አወጣው፣ ማንም "ምነው?" አላለም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ፓኬጁን አውርዱት ግን አታብሩት። ኮንፊግ ላይ አንድ በአንድ ደንብ እየመረጡ ማብራት ይቻላል። ቡድናችሁ በእርግጥ የሚጨቃጨቅባቸውን አራት አምስት ነገሮች ብቻ ምረጡ፣ እነሱን ስህተት በሚለው ደረጃ አድርጉ፣ ሌላው ይቆይ። ቬል የሚመልሰው ኮድ ስህተት ሲኖር ብቻ ነው "ወደቀ" የሚለው፤ ጥቆማና ማስጠንቀቂያ ሥራ አያስቆሙም። ይህ የገባው ሰው ቬልን ለዓመታት ይዞት ይቆያል። የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠውን ጊትላብን ተመልከቱ፤ የሰነዱን የቬል ደንቦች ሁሉ ክፍት ሪፖው (የፋይል ማከማቻው) ላይ አስቀምጧቸዋል፣ ማንም ገብቶ ማንበብ ይችላል። ከየትኛውም ትምህርት በላይ እሱን ማንበብ ነው የጠቀመኝ፣ ምክንያቱም የትኛው ደንብ ስህተት፣ የትኛው ጥቆማ ብቻ እንደተደረገ ይታያል። እዚያ ላይ ነው የሰው ልምድ ያለው።

ደንብ መጻፍ ራሱ ከባድ አይደለም። ያምል የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ ስድስት ሰባት መስመር። ዓይነቱን ትመርጣላችሁ፦ "ይህ ቃል ካለ ክሰስ"፣ "ይህን በዚያ ተካ"፣ "ከዚህ ቁጥር በላይ ከሆነ ክሰስ"፣ "ሁለቱ ባንድ ፋይል ውስጥ እንዳይገናኙ" ... ሌሎችም አሉ። ከዚያ መልእክቱ፣ ደረጃው፣ ቃላቱ። ሬጄክስ (ጽሑፍ በቅርጹ የሚፈለግበት ቀመር) ትንሽ ካወቃችሁ ከሰዓት በኋላ ባለችው ጊዜ ጥሩ ጥሩ ደንቦች ይወጣሉ። ለመሞከር ቬል ስቱዲዮ የሚባል በብሮውዘር የሚሠራ ነገር አላቸው፣ ደንቡን ባንድ በኩል፣ ናሙና ጽሑፉን በሌላ በኩል ታስቀምጣላችሁ።

እንግዲህ አማርኛ።

የአማርኛ ሰነድ የምንጽፍ ሰዎች እያደግን ነው፦ የክፍያ መተግበሪያ መመሪያ፣ የሠራተኛ መግቢያ ሲስተም፣ የክሊኒክ ሶፍትዌር ማኑዋል። ቬል ግዕዝ ፊደል ያነባል ወይ? ያነባል። ፊደሉ ምንም ችግር የለውም፣ መልእክቱንም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ እኔ ሁሉንም በአማርኛ ነው የጻፍኩት። ዊንዶውስ ላይ በድሮው ጥቁር መስኮት ከከፈታችሁት ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታያችኋል፤ ቪኤስ ኮድ ውስጥ ክፈቱት።

የመጀመሪያው ደንቤ አራት ነጥብን የሚመለከት ነበር። የአማርኛ አራት ነጥብ አንድ ፊደል ነው። ግማሹ ጸሐፊ ግን ሁለት ነጥቡን ሁለቴ መትቶ ይሠራዋል፤ ሌላው ደግሞ የእንግሊዝኛውን ኮሎን ሁለቴ ይመታል። ለዓይን ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። ፍለጋ ላይ ግን አይገናኙም፣ በጣም ያስጠላል። ቬል ላይ ይህ የሁለት መስመር ቅያሪ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ "ነንዎርድ" የሚለውን ቅንብር እውነት ማድረግ አለባችሁ፣ አለበለዚያ ቬል የቃል ድንበር ይፈልግና ነጥብ ቃል ስላልሆነ ዝም ብሎ ያልፈዋል። በዚህች አንድ ደንብ ብቻ የተያዘው ብዛት አስገርሞኛል።

ቀጥሎ ሞክሼ ፊደላት። ዓመት ወይስ አመት? ፀሐይ ወይስ ጸሀይ? ገጽ ወይስ ገፅ? ማን ልክ ነው የሚለውን ለሊቃውንቱ እንተውና፣ አንድ ማኑዋል ውስጥ ሁለቱም መኖራቸው ግን አንባቢውን ይጎዳል። "ገጽ" ብሎ የፈለገ ሰው "ገፅ" ተብሎ የተጻፈውን አያገኘውም። ቬል ለዚህ የሚሆን "ወጥነት" የሚባል የደንብ ዓይነት አለው፣ ሁለት አጻጻፍ ትሰጡታላችሁ፣ ሁለቱም ሲገኙ ይጮሃል። አሪፍ ይመስላል። ችግሩ የሚያየው አንድ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው። አንዱ ፋይል ሙሉ በሙሉ ዓመት፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ አመት ቢል ሰላም ነው ይላችኋል። ስለዚህ እሱን ተዉትና ቁርጡን ወስናችሁ በ"ተካ" ዓይነት ጻፉት፦ አመት ካለ፣ ዓመት በል። አለቀ።

ትልቁ ራስ ምታት የአማርኛ ቃል ባዶውን አለመቆሙ ነው። ፋይል፣ ፋይሉን፣ በፋይሉ፣ ከፋይሎቹም። ቬል ቃል የሚፈልገው ከነድንበሩ ስለሆነ "ፋይል" ብትሉት "በፋይሉ" የሚለውን አያየውም። መፍትሔው ያው ነንዎርድ ነው፣ የትም ቦታ ቢሆን ፈልግ ማለት። ግን ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። "ፋይል አትበሉ፣ ሰነድ በሉ" የሚል ደንብ በዚህ መንገድ ብትጽፉ "ፕሮፋይል" የሚለውን ሁሉ ይከሳል። ቅድም የተባለውን ሬጄክስ ማወቅ እዚህ ጋ ይጠቅማል፤ ከፊት ምን ምን ሊመጣ እንደሚችል፣ በ፣ ለ፣ ከ፣ የ፣ ስለ፣ እያላችሁ መዘርዘር ነው። አሰልቺ ነው ግን አንዴ ነው። ያንን የፊት ዝርዝር አንዴ ጻፉትና ወደ ሌላው ደንብ ሁሉ ቅዱት።

ሌላው፣ ቬል ዓረፍተ ነገር የሚቆርጠው በእንግሊዝኛ ሥርዓተ ነጥብ ነው። አራት ነጥብ ለእሱ ምንም አይደለም። "ዓረፍተ ነገር ከ25 ቃል አይብለጥ" የሚለውን ደንብ አማርኛ ላይ ባስሮጥኩት ጊዜ አንቀጹን ሙሉ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ቆጥሮ ሁሉንም ከሰሰ። ደህና የሚባለው ጸሐፊያችንም አልቀረለትም። የተገላገልኩት ነገሩን ገልብጬ በመጻፍ ነው፤ አራት ነጥብ የሌለበት 300 ፊደል ተከታትሎ ከመጣ ክሰስ የሚል ሬጄክስ። ቃል መቁጠሩ ቀረ፣ ግን ሥራውን ይሠራል፣ ረጃጅሞቹን ያመጣቸዋል። የንባብ ቅለት መለኪያዎቹን ግን አማርኛ ላይ አትሞክሩ፣ የእንግሊዝኛ ቀመር ናቸው፣ የሚሰጧችሁ ቁጥር ባዶ ነው። አብሮት የሚመጣው መዝገበ ቃላትም የአሜሪካ እንግሊዝኛ ነው። ሌላ መዝገብ ማስገባት ይቻላል፣ ሀንስፔል የሚባለውን ዓይነት ይቀበላል፣ ግን ከላይ ባልኩት ምክንያት ለአማርኛ ተስፋ አታድርጉበት።

ሌላ ትንሽ የሚያናድድ ነገር። በ"ተካ" ደንብ መልእክት ውስጥ ቬል ሁለት ክፍት ቦታ ይሰጣችኋል፣ መጀመሪያ የሚሞላው ትክክለኛው ቃል ነው፣ ቀጥሎ ጥፋተኛው። ለእንግሊዝኛ ያመቻል። እኛ ግን "በዚህ ፋንታ ያን በል" ነው የምንለው፣ ተገላቢጦሽ። መጀመሪያ ሳላስተውለው ያወጣሁት መልእክት "በ'የይለፍ ቃል' ፋንታ 'ፓስወርድ' በል" የሚል ሆነና አንዱ ልጅ ታዛዥ ነው፣ ሁሉንም ፓስወርድ አድርጎ ላከልኝ! አሁን "'የይለፍ ቃል' በል፣ 'ፓስወርድ' አይደለም" በሚል ነው የምጽፈው።

እሺ፣ ማረሙስ? እዚህ ላይ ነው ቅሬታዬ። ቬል ያገኛል እንጂ ከተርሚናል አያርምም። ኤዲተር ውስጥ ስትሆኑ ለአንዳንድ ደንቦች "ይህን ተካው" የሚል ሐሳብ ሊያቀርብ ይችላል፣ ግን አንድ ትእዛዝ ሰጥቼ ሁለት ሺህ አራት ነጥብ ባንዴ ላስተካክል ብትሉ የለም። አንድ ነገር ምን በምን እንደሚተካ እያወቀ፣ ራሱ በያምሉ ተጽፎለት እያለ፣ አለመተካቱ አይገባኝም። ውጤቱን በጄሶን (ፕሮግራም በቀላሉ በሚያነበው ቅርጸት) አውጥቶ በትንሽ ስክሪፕት መተካት ይቻላል፤ እኔም የማደርገው ያንን ነው። ግን ፕሮግራመር ያልሆነ ጸሐፊ ይህን ከየት ያመጣል?

ማርክዳውንሊንት የሚባለው ሌላ ሊንተር በዚህ ይበልጠዋል። እሱ በዋናነት ቅርጽ ነው የሚያየው፦ ርዕስ ደረጃ ዘልሎ እንደሆነ፣ የኮድ ሳጥን የቋንቋ ስም አለው ወይ፣ መስመር መጨረሻ ላይ ትርፍ ክፍተት አለ ወይ። "አስተካክል" የሚል አማራጭ አለው፣ ሊያስተካክል የሚችለውን ራሱ አስተካክሎ ይጨርሳል። ስትጀምሩ 013 የሚለውን ደንብ አጥፉት፣ መስመር ከ80 ፊደል እንዳያልፍ የሚል ነው፣ ለጽሑፍ ሥራ ምንም አይፈይድም።

ሊንክ ደግሞ ቬል ጭራሽ አይፈትሽም። ለእሱ ላይቺ አለ፣ በረስት የተጻፈ፣ እጅግ ፈጣን። ፋይሎቹን ሁሉ ያነብና እያንዳንዱን አድራሻ አንኳኩቶ የማይከፈተውን ይነግራችኋል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ገጹ መኖሩን እንጂ ገጹ ውስጥ ያለው ንዑስ ርዕስ መኖሩን ዝም ብሎ አያይም፤ ፍራግመንት የሚለውን አማራጭ ማብራት አለባችሁ። ርዕስ በተቀየረ ቁጥር የሚሰበረው እኮ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ የሐሰት ክስ አለው። ሮቦት የሚከለክሉ ድረ ገጾች 403 ይመልሱለታል፣ ወደ ጊትሃብ የሚወስዱ ብዙ ሊንኮች ካሉ ደግሞ "በዛ፣ ቆይ" የሚል 429 ይመጣል፣ ቶክን ስትሰጡት ይተዋል። እኛ ጋ አንድ ጨማሪ አለ። ሲአይ፣ ለውጥ በገባ ቁጥር ፍተሻዎቹን በራሱ የሚያስኬደው ሲስተም፣ የሚሮጠው ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ስለሆነ አንዳንድ የአገር ውስጥ ድረ ገጾች ጭራሽ አይመልሱለትም፣ ቤት ሆናችሁ ስትከፍቱት ግን ይከፈታል። እነሱን ለይታችሁ ከፍተሻው አውጧቸው፣ አለበለዚያ ሰኞ ሰኞ በከንቱ ትደነግጣላችሁ። ስፊንክስ የሚባለውን የሰነድ ማዘጋጃ የምትጠቀሙ የራሱ የሊንክ መፈተሻ ስላለው ላይቺ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

"ይህን ሁሉ ከማድረግ ለቻትጂፒቲ ብሰጠውስ?" የሚል ሰው አይጠፋም። ስጡት። አንቀጽ አቃንቶ በመጻፍ እሱ ይሻላል። ግን አንድን ገጽ ዛሬና ነገ ብትሰጡት ሁለት የተለያየ አስተያየት ነው የምታገኙት፣ ቬል ግን ዛሬ ያለፈውን ነገም ያሳልፋል። ደግሞ ሰነዱ ከማሽናችሁ አይወጣም። የባንክ ወይም የጤና ሲስተም ማኑዋል የምትጽፉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ኢንተርኔት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም፤ ፓኬጁን አንዴ ካወረዳችሁ በኋላ ምንም አይፈልግም።

ያረጀ ሰነድ ያላችሁ፣ የቬልን የጊትሃብ አክሽን፣ ጊትሃብ ላይ በራሱ የሚሮጠውን ፍተሻ፣ ተጠቀሙ። እሱ ላይ "በዚህ ፑል ሪኩዌስት (እንዲገባ በቀረበው ለውጥ) የተጨመረውን መስመር ብቻ ፈትሽ" የሚል ቅንብር አለ። የድሮው ዕዳ ባለበት ይቀመጣል፣ አዲስ ዕዳ ግን አይገባም። አስተያየቱም የተነካው መስመር ሥር ይለጠፋል፣ ጸሐፊው ተርሚናል ማየት አይጠበቅበትም። የእኛ ቡድን ቬልን መጥላት ያቆመው ያኔ ነው።

የቃላት መዝገቡም ጥሩ ነው፣ የተፈቀዱና የተከለከሉ ቃላት በሁለት ተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጣሉ። እንግሊዝኛ ላይ የተፈቀደ ብላችሁ ያስገባችሁትን የምርት ስም በትንሽና ትልቅ ፊደሉ ጭምር ያስከብራል። አንድን ቦታ ለይቶ ዝም ማሰኘትም ይቻላል፣ ፋይሉ ውስጥ "ቬል ጠፍቷል" እና "ቬል በርቷል" የሚል የተሸሸገ ኮሜንት በማስገባት። ይህችን ግን ጠብቁልኝ። ልጆቹ ከለመዷት ገጽ ሙሉ ያጠፉባታል፣ እኔ ፋይሎቹ ውስጥ ስንት እንዳለች በየጊዜው እየፈለግኩ አያለሁ።

የመጨረሻ፣ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ስሪት መጫናችሁን አረጋግጡ። በእኔ ማሽን ያለፈ ሰነድ ሲአይ ላይ ሲወድቅ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የስሪት ልዩነት ነው። የቬሉን ስሪት ሲአይ ላይ በቁጥር ቆልፉት፣ የፓኬጆቹንም ፋይሎች ሪፖው ውስጥ አብራችሁ ኮሚት አድርጓቸው።